ገመድ አይዘለልም

ይህን ታሪክ ለሰው ስናገር ሁለት ዓይነት ሰው ይገጥመኛል። አንዱ «ፈረንጅ የማያመጣው የለም» ብሎ ይስቃል፤ ሌላው ፊቱን አጥቁሮ ወሬ ይቀይራል። የእናንተን ፊት ስለማላይ ግን እስከ መጨረሻው ልነግራችሁ እችላለሁ። መሳቅም ሆነ ፊት ማጥቆር ካማራችሁ ስጨርስ ይሁንላችሁ።

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ፣ ስቶክሆልም ውስጥ ነው። ያኔ አካላ፣ ሰማያዊው የሜትሮ ባቡር መስመር የሚያልቅበት ሰፈር፣ ከልጄ ከሜሮን ጋር በኪራይ ቤት እንኖር ነበር። ሜሮን አማርኛ ትሰማለች፤ መልሷ ግን ሁልጊዜ በስዊድንኛ ነው። ሥራዬ አረጋውያንን ቤታቸው ድረስ እየሄዱ መንከባከብ ነበር፤ እኛም እንደ አገሬው «ሄምሼንስት» እንለዋለን። የሰው ቤት ቁልፍ ኪሴ ውስጥ እያንሿሿሁ፣ ከአንዱ ሽማግሌ ወደ ሌላው በአውቶቡስ እየዘለልኩ፣ ምሳ አሞቃለሁ፣ መድኃኒት አስውጣለሁ፣ ወሬ እሰማለሁ። ወሬ መስማቱ ደሞዝ የለውም እንጂ ዋናው ሥራ እሱ ነበር።

ስለ እኔ ሌላ ማወቅ ያለባችሁ አንድ ነገር ነው። በደርግ ጊዜ፣ ገና ተማሪ ሳለሁ፣ ቀበሌ ወስደው የፊጥኝ አስረውኛል። እጆቼን ወደ ኋላ ጠምዝዘው ክርኔን ከክርኔ አጣብቀው፣ በቃጫ ገመድ። ያሰረኝ ሰው አንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ ጣለኝና ሄደ። ከዚያ ረሳኝ። ሊቀጣኝ ብሎ አይደለም፤ ሌላ ቦታ ተጠርቶ ሄዶ በቃ ረሳኝ። በሩን የከፈተልኝ ሌላ ሰው ነው፤ ያኔ እጆቼ የእኔ አልነበሩም። ጣቶቼ ቀስ በቀስ ተመለሱልኝ፤ ከክርኔ በላይ ግን ገመዱ የሄደበት መንገድ በሁለቱም ክንዶቼ ላይ ቀረ። በሐምሌ ሙቀት እንኳን ረጅም እጅጌ የምለብሰው ለዚህ ነው። ሜሮን «ማማ፣ አይሞቅሽም?» ትለኛለች፤ እኔም «ብርዳም ነኝ» እላታለሁ።

እንግዲህ እንደ እኔ ያለችውን ሴት ነው የሥራ ቢሮዬ ስፖንጋ የሚባል ሰፈር ወደሚኖሩት ወደ ጉናር የላከው።

ጉናር ሰማንያ ዓመት የተጠጋቸው፣ ቀጥ ያሉ፣ ቀጭን ሽማግሌ ናቸው። በስዊድንኛ ሽማግሌም ቢሆን «አንተ» ነው የሚባለው፤ እኔ ግን አፌ አልታዘዝ ስላለኝ «አባባ ጉናር» ብዬ ጠራኋቸው። ትርጉሙን ጠይቀው ወደዱት። እሳቸውም ጥሩወርቅ የሚለው ስሜ ስለከበዳቸው «ጥሩ» አሉኝ። የመርሳት ሕመም ጀምሯቸው ነበር። አንድ ቀን የልጅነት ጓደኛቸውን ስም ከነአባቱ ይነግሩኛል፤ በማግስቱ ማንኪያውን ይዘው ምን እንደሆነ ይጠይቁኛል።

መጀመሪያ ቀን በራቸውን ከፍቼ ስገባ ኮሪደሩ ላይ ወንበር ታስሮ አገኘሁ። አልተሳሳታችሁም፣ ወንበር ነው። መደገፊያው እንደ ደረት፣ እግሮቹ እንደ እግር፣ በቀጭን ገመድ ተጠላልፎ ታስሯል። ሳሎን ስገባ ትራሱ ታስሯል። ወጥ ቤት የሻይ ማንቆርቆሪያው ታስሯል። ቤቱ ጸጥ ያለ የእንጨት ቤት ነው፤ ውጭ በረዶ ስላለ የመኪና ድምፅ እንኳን አይሰማም። ማንቆርቆሪያውን ቆሜ ሳየው ክንዶቼ ላይ ያለው ጠባሳ በላኝ።

«ማን ነው ያሰረው?» አልኳቸው።

«እኔ ነኝ» አሉ፣ ስለ አየር ሁኔታ እንደሚያወራ ሰው። «ጭንቅላቴ እየረሳ ነው። እጄ እንዳይረሳ በየቀኑ አንድ ነገር አስራለሁ።»

ያን ዕለት ከዚያ ቤት ሮጬ ብወጣ ማንም አይፈርድብኝም ነበር። አብራኝ ለምትጸልይ እህት ስነግራትማ «ያ ቤት መንፈስ አለበት፣ ሌላ ቦታ አስቀይሪ» አለችኝ። እኔ ግን ግትር ነኝ። የፈራሁትን ነገር ጀርባዬን ሰጥቼው መተኛት አልችልም፤ እያየሁት ብፈራ ይሻለኛል። ስለዚህ ቀረሁ፣ ጠየቅኩም።

ጉናር በወጣትነታቸው የጭነት መርከብ መካኒክ ነበሩ። ጃፓን ወርደው ታመው ሲቀሩ፣ ኦሳካ ውስጥ አንድ ሽማግሌ አስጠጋቸው፤ ይህን ሥራ ያስተማራቸውም እሱ ነው። ኪንባኩ ይሉታል። ሰውን በገመድ የማሰር ጥበብ ነው። ጥበብ ሲሉኝ ሳቅኩባቸው። «የእኛም አገር አሳሪዎች ይህን ቢሰሙ ደስ ይላቸው ነበር» አልኳቸው።

አልተቆጡም። «መነሻውማ እንደ እናንተው ነው» አሉኝ። በጥንት ጊዜ የጃፓን ጠባቂዎች ወንጀለኛ የሚይዙት በብረት ሳይሆን በገመድ ነበር። ገበሬ የሚታሰርበት ሌላ፣ መነኩሴ የሚታሰርበት ሌላ፣ ጦረኛ የሚታሰርበት ሌላ። እያንዳንዱ ትምህርት ቤት የራሱን አስተሳሰር ከሌላው ይደብቃል። ገና ያልተፈረደበት ሰው ገመዱ ይጠመጠምበታል እንጂ ቋጠሮ አይቋጠርበትም፤ ቋጠሮ ውርደት ነውና። ዘመን ተለውጦ የእጅ ብረት ሲመጣ ያ ሙያ ሊጠፋ ነበር። ግን ቀድሞ ቲያትረኞች መድረክ ላይ አውጥተውት፣ ሠዓሊዎች ሥለውት ነበር። ከዚያ ፎቶ አንሺዎች መጡ፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ መጽሔቶች አተሙት፤ በመጨረሻም በየጠባቡ ክፍል ውስጥ በሁለት ሰዎች መሐል የሚሠራ ነገር ሆነ።

«ጠባቂው የሚያስረው እንዳታመልጪው ነው» አሉኝ። «እኛ የምናስረው እንድትቆዪ ነው። ልዩነቱ ታሳሪዋ ጠይቃ መታሰሯ ነው፤ አሳሪው ደግሞ ከጎኗ አይለይም። አንድ እርምጃ እንኳን።»

«ከተለየስ?»

«ከተለየ ጠባቂ ሆነ ማለት ነው።»

ይህን ሲሉኝ እጄን ጠረጴዛው ስር ደበቅኩት። ለምን እንደሆነ አልገባኝም።

ሌላም ሕግ ነበራቸው። አንድ ቀን ኮሪደሩ ላይ የወደቀ ገመድ ተራምጄ ሳልፍ፣ ያን ሁሉ ጊዜ ቁጣ አይቼባቸው የማላውቃቸው ሰው ጮኹብኝ። «ገመድ አይዘለልም! መሬትም ላይ አይተውም!» ጎንበስ ብለው አነሡት፣ በእጃቸው ጠረጉት፣ አጥፈው ጠቀለሉት። ቀቅለው፣ ወጥረው አድርቀው፣ ፀጉሩን በእሳት ለብልበው፣ ዘይት ቀብተው የሠሩት ራሳቸው ናቸው። «የሰው ክብደት የሚሸከም ነገር ነው» አሉኝ። እኛም ልጆች ሳለን የተኛ ሰው እንዳንዘል ይከለክሉን ስለነበር ቁጣቸው ገባኝ። ከዚያ ወዲህ ስማቸውን የረሱ ቀን እንኳን፣ መሬት ላይ ገመድ ካዩ ሳያነሡ አያልፉም።

ያን ሰሞን ከቢሮ ትእዛዝ መጣ። ከጉናር ቤት ስለት ያለው ነገር ሁሉ ይነሣ ተባለ፤ ራሳቸውን እንዳይጎዱ ነው። የጠዋቷ ባልደረባዬ ቢላዎቹን ሁሉ ሰበሰበች። ፎቅ ላይ ካለው ክፍል በር አጠገብ ሚስማር ላይ ተሰቅሎ የነበረውን መቀስም ወሰደች። መቀስ ለምን እዚያ ተሰቀለ ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም።

ፎቅ የእኛ ሥራ አይደለም። አንድ ጊዜ ብቻ አንገቴን አስግጌ አይቼዋለሁ። የገለባ ምንጣፍ፣ ግድግዳው ላይ የታሰሩ ሰዎች የድሮ ሥዕሎች፣ ከጣሪያው አግዳሚ እንጨት ላይ የተንጠለጠለ የብረት ቀለበት። ያ ክፍል የብሪታ እና የጉናር ነው። ብሪታ ጡረታ የወጣች የዋና አስተማሪ ናት፤ ነጭ ፀጉሯ አጭር፣ ትከሻዋ ሰፊ። ለብዙ ዓመታት በጉናር ገመድ የምትታሰረው እሷ ናት። ምን እንደሆኑ አንድ ቀን ጠየቅኳት፤ «ባልና ሚስት?» ብዬ። «አይደለንም» አለችኝ። «ግን ገመዱን ሲይዝ ብቻ ነው አሁን ስሜን የሚያስታውሰው። ስሜን መስማት ስፈልግ እመጣለሁ።»

ታዲያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ በታኅሣሥ፣ ሰማዩ ከመጥቆሩ በፊት የመጨረሻዋን ግራጫ ብርሃን ይዞ ሳለ፣ በራቸውን ከፍቼ ገባሁ።

ጉናር ወጥ ቤት ተቀምጠው ብርቱካን ይልጣሉ። መብራት አላበሩም። ልጣጩን ሳይበጥሱ፣ በረጅሙ፣ በጣቶቻቸው እየጠመዘዙ።

«ጥሩ፣ እንኳን መጣሽ» አሉኝ በሹክሹክታ። «ፎቅ ላይ ሰው ያለ ይመስለኛል። ድምፅ እሰማለሁ። ከቆየ ቆይቷል። እኔ ግን ፈራሁ።»

«ብሪታ መጥታ ነበር እንዴ?»

ቀና ብለው አዩኝ። ዓይናቸው ንጹሕ ነው፣ የሕፃን ዓይን። «ብሪታ ማን ናት?»

ወደ ኮሪደሩ ተመለስኩ። የብሪታ ቦት ጫማ ምንጣፉ ላይ አለ። ከጫማው የቀለጠው በረዶ ውሃ ሆኖ ፈሶ፣ ውሃውም ደርቆ፣ በረዶ እንዲቀልጥ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ነጭ መስመር ሠርቷል። ከመጣች ብዙ ቆይታለች ማለት ነው። ከላይ «ሲጥ» አለ እንጨቱ። ዝም አለ። እንደገና «ሲጥ» አለ።

ደረጃውን ወጣሁ። በሩ ገርበብ ብሏል። ገፋሁት።

ክፍሉ ውስጥ ጨለማው ገና አልሞላም። በመሐሉ ሰው ተንጠልጥሏል። ቀጭን የጥጥ ካባ ለብሳ፣ ሁለት እጆቿ ከጀርባዋ ተጣጥፈው ከደረቷ ጋር ተጠምጥመው፣ ከጀርባዋ የወጣው ገመድ ወደ ቀለበቱ ወጥቷል። አንድ እግሯ ከጉልበቱ ታጥፎ ተሰቅሏል፤ የሌላው እግሯ ጣቶች ብቻ ምንጣፉን ይነካሉ። ፊቷ ወደ መሬት ስለሆነ አይታየኝም። ሰውነቷ በቀስታ ይዞራል፤ ወደ እኔ ሲመጣ እንጨቱ «ሲጥ» ይላል።

ብሪታን አላየሁም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔን ነው ያየሁት። ያቺ ጠባብ ክፍል ውስጥ የተጣልኩትን እኔን፣ አንድ ሰው በሩን ከፍቶ ቆሞ ያየኝ መሰለኝ። ጣቶቼ ደነዘዙ።

«ጉናር?» አለች ከፀጉሯ ስር።

«እኔ ነኝ፣ ጥሩ ነኝ።»

«ጉናር የት ሄደ? ውሃ ላምጣልሽ ብሎ ወጣ።»

«ታች ናቸው» አልኳት። «ብርቱካን እየላጡ።»

«ረሳኝ» አለች። ለራሷ ነው ያለችው። እኔ ግን ያን ቃል ከሰው አፍ ስሰማው የመጀመሪያዬ ነበር፤ ለራሴ ስንት ዓመት ስለው የኖርኩትን።

ከዚያ በኋላ እግሬ ተንቀሳቀሰልኝ። ሮጬ ሚስማሩን ዳበስኩ፤ መቀሱ የለም። ወገቧን በሁለት እጄ አቀፍኩና ወደ ላይ ደገፍኳት። ሌላ ምንም አልታየኝም። ስደግፋት ረጅም ትንፋሽ ወሰደች።

«እጄ አይሰማኝም» አለችኝ። «እግሬ ሊከዳኝ ነው። ከከዳኝ ደረቴ ላይ ያለው ገመድ ይጠብቅብኛል፣ መተንፈስ አልችልም። አትልቀቂኝ።»

«ስልክ ልደውል—»

«ስትወርጂ እወድቃለሁ። አትልቀቂኝ፣ ጥሩ።»

በእግሬ ከአጠገባችን ያለ አጭር በርጩማ ጎተትኩ። በርጩማውም የታሰረ ነው። ከቆመችበት እግር ስር ገፋሁላት፤ ጣቶቿ ያዙት፣ ግን ይንቀጠቀጣሉ። በአንድ እጄ ቋጠሮ ፈለግኩ። ገመዱ በገመድ ላይ፣ በገመድ ስር ይሄዳል፤ የትኛው የትኛውን እንደያዘ አይታወቅም። ከጀርባዋ አንዱን ስስብ ሌላው ጠበቀና አቃሰተች። እጄን መለስኩ። በትከሻዋ በኩል ጣቶቿን አየኋቸው፤ ቀለማቸውን አውቀዋለሁ። የእኔም እንደዚያ ነበሩ።

«እሱ ነው መፍታት የሚችለው» አለች። «አምጪው። ምንም አትንገሪው፣ ይደነግጣል። የገመዱን ጫፍ እጁ ላይ ብቻ አድርጊለት።»

«አባባ ጉናር!» ብዬ ተጣራሁ። «አባባ ጉናር፣ ይምጡ!»

ከታች ድምፃቸው መጣ፤ ቀጭን፣ የፈራ። «አልመጣም። እዚያ ሰው አለ።»

ለመንኳቸው። ተቆጣኋቸው። ስዊድንኛው ጠፍቶኝ በአማርኛ ጮኽኩባቸው። ወንበራቸው ሲንቀሳቀስ አልሰማሁም። ብሪታ ክንዴ ላይ እየከበደች፣ አተነፋፈሷ እያጠረ ሄደ። ክፍሉ ደበዘዘ። ግድግዳው ላይ ያሉት የታሰሩ ሰዎች ፊታቸው ጠፍቶ ገመዳቸው ብቻ የቀረ መሰለኝ። ያኔ ዓይኔ ወደ መሬት ሄደ። ከቀለበቱ የተረፈው የገመድ ጫፍ ምንጣፉ ላይ ወድቋል።

ድምፄን ዝቅ አደረግኩ። ቁጣዬን ዋጥኩና እንደ ተራ ነገር፣ ወደ ደረጃው ተናገርኩ።

«አባባ ጉናር፣ ገመድ መሬት ላይ ወድቋል።»

ታች ወንበር ተንሸራተተ። ደረጃው ላይ የእግር ድምፅ መጣ፤ ቀስ እያለ፣ እያመነታ፣ ግን መጣ። በሩ ላይ ቆሙ። ወደ ተንጠለጠለችው ሴት ቀና አላሉም፤ ዓይናቸው ጫፉ ላይ ነው። ጎንበስ ብለው አነሡት። በእጃቸው ጠረጉት።

እጃቸው ነቃ። እንዲህ ስል ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ፊታቸው ባዶ ነው፣ ማን እንዳለ አያውቁም፣ እጃቸው ግን ወደ ላይ ሄዶ የተሰቀለውን እግር የያዘውን ገመድ አገኘ። መጨረሻ የታሰረው መጀመሪያ ይፈታል። እግሯን በመዳፋቸው ተቀብለው አወረዱት፤ እንደ ዕቃ ሳይሆን እንደ ታመመ ልጅ። ከዚያ ዋናውን ገመድ ትንሽ በትንሽ ለቀቁ። እኔ እየደገፍኩ፣ እሳቸው እየለቀቁ፣ ብሪታ በጉልበቷ ምንጣፉ ላይ ተንበረከከች። የደረቷን ፈቱ። በማይገባኝ ቋንቋ አንድ ነገር ያንጎራጉራሉ፤ ምናልባት የኦሳካው ሽማግሌ የሚለው ይሆናል። የተፈታውን ገመድ አንዱንም መሬት ላይ አልጣሉም፤ አንገታቸው ላይ ያደርጉታል። የእጆቿ ማሰሪያ ብቻ ሲቀር ቆም አሉ። ረሱት ብዬ ፈራሁ።

«ብሪታ» አሉ። «በረዶ ሆነሻል።»

ፈቱት። ብሪታ አላለቀሰችም፤ ግንባሯን ጉልበታቸው ላይ አደረገች። እሳቸው እጆቿን በሁለት መዳፋቸው መሐል ይዘው ደም እስኪመለስ ማሸት ጀመሩ። ይህም የሥራው ክፍል ነው፤ ታሳሪዋ ሙሉ በሙሉ ወደ ራሷ እስክትመለስ አሳሪው አይነሣም። ጣቶቿ አንድ በአንድ ሲታጠፉ አየሁ።

እኔም አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀምጬ ነበር። ስደግፋት እጅጌዬ እስከ ትከሻዬ ተሰብስቧል፤ አላስተዋልኩም። ጉናር የብሪታን እጅ ጨረሱና ወደ እኔ ዞሩ። በጨለማው ውስጥ ማን እንደሆንኩ አላወቁም ይሆናል። ክንዴን ያዙ። አውራ ጣታቸው ጠባሳውን አገኘው። ገመዱ በሄደበት መንገድ ሄደ፤ ዞሮ ተመለሰ። የገመድን ምልክት እሳቸው የማያውቁት ማን ሊያውቀው?

«ብዙ ቆየሽ» አሉኝ።

ክንዴን አልሳብኩም።

«ረስቼሽ ነው» አሉ። «ብቻሽን ተውኩሽ። ይቅር በይኝ።»

ከዚያ ሁለቱንም ክንዶቼን ከክርኔ በላይ እያሹ ቆዩ፤ ደም እስኪመለስ።

ብሪታ ደህና ሆነች። ጣቶቿ ለጥቂት ሳምንታት ይቆረጥሟት ነበር፣ አለፈ። ለቢሮው ያሳወቀችው ራሷ ናት፤ ቀለበቱንም ያወለቀችው እሷ ናት። ጉናር የአረጋውያን መኖሪያ ገቡ፤ እዚያም ፎጣ ያስሩ ነበር ይባላል። ሲያርፉ ብሪታ ወደ አካላ መጥታ አንድ ጥቅል ገመድ ሰጠችኝ። ቤቴ ገመድ አስገባለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም፤ ግን ተቀበልኳት።

እናንተ አንባቢዎቼ «ይቅርታ የጠየቁሽ ያላሰሩሽ ሰው ናቸው፣ ምን ይረባሻል?» ልትሉኝ ትችላላችሁ። እኔም ራሴን ጠይቄያለሁ። ያሰረኝ ሰው የት እንዳለ አላውቅም፤ በሕይወት ካለም አንድ ልጅ እንደረሳ አያስታውስም። ይቅርታ ሊጠይቀኝ አይመጣም። ያ ይቅርታ የመጣልኝ ከተሳሳተ ሰው፣ በተሳሳተ አገር፣ የእኔን ስም ከማያስታውስ አፍ ነው። ግን የመጣልኝ እሱ ብቻ ነው። ያን ቀን ክንዴ ውስጥ የተመለሰውን ሙቀት እኔ አውቀዋለሁ። ብዙዎቻችን ትክክለኛው ሰው መጥቶ እስኪፈታን ስንጠብቅ እንዳንቀር እፈራለሁ። ጥበብ ነው አይደለም የሚለውን ክርክር ለእናንተ ትቼዋለሁ፤ እኔ እስካሁን ሁለት ልብ ነኝ።

ሜሮን በበጋ አንድ ቀን ቁም ሣጥን ስትበረብር ያ ጥቅል ገመድ ወደቀ። ሳታየው ዘልላው ልታልፍ ስትል «ቁሚ!» አልኳት። ደነገጠች።

«ገመድ አይዘለልም» አልኳት። «አንሺው።»

አነሣችው። ሽታውን አሸተተች፣ በጣቷ ዳበሰችው። ከዚያ በስዊድንኛዋ «ለምን?» አለችኝ።

አጠገቧ አልጋው ላይ ተቀመጥኩና እጅጌዬን ሰበሰብኩ።